ድሬ ላይ አሮጌ መኪና ለምታሠሩ፦ የወጣውን የቤንዚን ማጣሪያ (ፊልትሮ) ሳታዩ አትክፈሉ

ሆቴሉ ጥሩ ነበር። ከዚራ ውስጥ፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር፣ አልጋው ንጹሕ፣ ውሃው የማይቋረጥ። ባጃጆቹ ትንሽ ዋጋ ቢጨምሩብኝም ሳቅ እያሉ ነው፤ ድሬ ላይ ተናዶ መቆየት ይከብዳል። ነዳጅ ማደያው ሰልፍ ነበረው፣ ግን ሥርዓት ያለው ሰልፍ ነው። ቴሌብር የሌላችሁ የአገር ቤት ስልክ ያለው ዘመድ ይዛችሁ ሂዱ። ስለነዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ጋራዡ ነው። ንዴቱ ቶሮንቶ ከተመለስኩም በኋላ አልበረደልኝም።

መኪናው የአጎቴ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። ባለ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው የድሮው ዕቃ)፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማያንስ። አጎቴ አይሸጠውም። ቢሸጠውስ በምን ይተካዋል? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ያገለገለ መኪና ዋጋን ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከለከለ። እና ያለውን እየጠገኑ መንዳት ነው። ጋራዦቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ከተማ ውስጥ መኪናው ምንም አይልም። ሳቢያን ደርሶ መመለስ፣ መጋላ ገብቶ መውጣት ይችላል። ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ሲጀምር ግን ጉልበት ያጣል። ነዳጅ ሲሰጡት ይንቀጠቀጣል፣ ይታፈናል። ጥግ ይዘን ትንሽ ስናሳርፈው ይነሣና ጥቂት ሄዶ መልሶ ይደክማል። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 በላይ። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከባዱ ዳገት ግን መጀመሪያው ላይ ነው። እኛ ደግሞ ሐረር ለቅሶ መድረስ ነበረብን።

አጎቴ ሠፈር ያለውን መካኒክ ሊጠራ ሲል ሰው “ትልቁ ጋራዥ ይሻላል” አለን። ስሙን አልጠራም። ግቢው ሰፊ ነው፣ ሠራተኞቹ ዩኒፎርም አላቸው፣ መቀበያው ኤሲ አለው። በዚያ ሙቀት ኤሲ ያለው ክፍል ማንን አያታልል! ልጁ ሁለት ቃል እንደተናገርኩ “ከውጭ ነሽ አይደል?” አለኝ። ኮፈኑ ሳይከፈት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ “የቤንዚን ፖምፓው ሞቷል” ተባለ። ነገ ነይ።

በማግስቱ ፖምፓው ከአዲስ አበባ እየመጣ ነበር። ቀጥሎ መካኒኩ ዘመድ ሞቶበት ሄደ። ቀጥሎ መብራት ጠፋ። አንድ የቤንዚን ፖምፓ ለመቀየር መብራት ለምን እንደሚያስፈልግ ስጠይቅ ልጁ ወደ ስልኩ አጎነበሰ። እየደወልኩ፣ በባጃጅ እየተመላለስኩ፣ ከመኪናው በላይ እኔ ፈላሁ። የማንም መልስ ግን ከ“ነገ” አያልፍም። አጎቴ “ተይው፣ ከሰው አትጣይ” ይለኛል። ለቅሶውም በስልክ ሆነ።

በመጨረሻ ሒሳቡ መጣ። ፖምፓ 9,500 ብር፣ ፊልትሮ 1,800፣ ምርመራ 1,500፣ የእጅ ዋጋ 4,000። ምርመራ የተባለው ያ ኮፈን ሳይከፈት የተነገረኝ ነገር መሆኑ ነው። የወጣውን ፖምፓ አሳዩኝ ስል “ተጥሏል እህቴ” ተባልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ ቫት 15 በመቶ ይጨመርበታል አሉ። ማህተም የሌለው ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ።

እኔ በምኖርበት በካናዳዋ ኦንታሪዮ ውስጥ መካኒክ መኪናህን ከመንካቱ በፊት ግምቱን በጽሑፍ መስጠት ግዴታው ነው። በመጨረሻ የሚያስከፍልህ ከዚያ ግምት ከ10 በመቶ በላይ ሊያልፍ አይችልም። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ሊመልስልህ ይገባል፤ አልፈልግም ካልክ ብቻ ነው የሚቀረው። ለገጠመው ዕቃና ለሥራው ደግሞ 90 ቀን ወይም 5,000 ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ የደረሰው፣ ዋስትና አለው። እዚያም ሌባ መካኒክ ሞልቷል፤ ግን የምትከራከርበት ወረቀት በእጅህ አለ። ድሬ ላይ የምትከራከረው በጉሮሮህ ነው።

ከፈልን። አርባው ሳያልፍ ለመድረስ ወደ ሐረር ተነሣን። ደንገጎ ላይ፣ እዚያው የድሮው ቦታ፣ መኪናው ታፈነ።

እያረፍን፣ እየተነሣን፣ እንደምንም ሐረር ገባን። ሸዋ በር አካባቢ፣ መንገድ ዳር፣ ጥላው ቆርቆሮ የሆነ ቦታ አንድ ጎልማሳ መካኒክ አገኘን። ፔጆ 404 ታክሲዎችን ሲፈታና ሲገጥም ያደገ ሰው ነው። ካርቡራቶር ያላት መኪና ሲያይ ፊቱ ይፈካል። ታሪኩን ልነግረው ስጀምር “አቦ ቆይ፣ መጀመሪያ ቤንዚኑን እንየው” አለ።

ያደረገውን ልብ በሉ፤ ማንም ሰው ሊጠይቀው የሚችል ነገር ነው። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ። ብልጭታ እንዳይኖር የኮይሉን ገመድ ነቀለ። ከፖምፓው ወጥቶ ወደ ፊልትሮው የሚገባውን ቱቦ ፈታና ጫፉን የውሃ ላስቲክ ውስጥ አስገባ። አጎቴ ቁልፉን ሲያዞር ቤንዚኑ ዥው ብሎ መጣ። ከዚያ ቱቦውን መልሶ ገጠመና ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ፈታ። አሁን ጠብ፣ ጠብ ብቻ። በቃ። ፖምፓው ይገፋል፣ ፊልትሮው አያሳልፍም። ሜዳ ላይ ሞተሩ የሚፈልገው ትንሽ ስለሆነ ያቺ ጠብታ ትበቃዋለች። ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው ቋት ከሚሞላበት በላይ ይጠጣል፣ ቋቱ ይነጥፋል። ሲያርፍ ይሞላል፣ ሲሄድ ይነጥፋል። ጋራዡ ይህን ለማወቅ አንድ ካቻቢቴና ባዶ ላስቲክ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ፊልትሮውን ፈቶ ሲያወጣው አጎቴ ዝም አለ። አንገቱ ላይ ቀይ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ያንን ሽቦ አጎቴ ራሱ ነው ያሰረው፣ ከረጅም ጊዜ በፊት። 1,800 ብር የከፈልንበት “አዲስ” ፊልትሮ እሱ ነው። በጨርቅ ወልውለው መልሰውልናል። ፖምፓውስ በእውነት ተቀይሯል? አሮጌው ስላልተሰጠን መቼም አላውቅም።

ሰውየው በምላጭ ሰነጠቀው። በውስጡ የታጠፈው ወረቀት ቡናማ ሆኗል፤ በመካከሉ የቡና አተላ የመሰለ ጭቃ ተኝቷል። ዝገት ነው። ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ከውስጥ እየተበላ፣ ነዳጅ ሲጠፋ ከጀሪካን የሚገለበጠው ቤንዚንም ቆሻሻውን እየጨመረበት ነው። ስለዚህ አዲስ ፊልትሮ ብቻ ገጥሞ አልለቀቀንም። የሰልባትዮውን የታች ቡሎን ከፍቶ ዝቃጩን አወጣ። ውሃም ወጣ። ጊዜ ወሰደ፤ እኛም ሻይ ጠጣን።

ስለ ምርጫው የነገረኝ እነሆ። ባለ ካርቡራቶር መኪና የፕላስቲኩን ይፈልጋል፣ ውስጡ የሚታየውን። ሲቆሽሽ በዓይን ያያሉ። የቱቦው ውፍረት መመሳሰል አለበት፤ ሰፋ ያለውን በግድ ማጥበቅ የቤንዚን መንጠባጠብ ያመጣል፣ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ደግሞ እሳት ነው። ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ካርቡራቶሩ ይዙር። ከጭስ ማውጫው ብረት ይራቅ፤ በድሬ ሙቀት ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ወደ ትነት ተለውጦ መኪናውን ያቆመዋል። ኢንጀክሽን ያለው፣ ማለትም በካርቡራቶር ፈንታ ቤንዚኑን በግፊት የሚረጭ መኪና ላይ ግን የፕላስቲኩን እንዳትገጥሙ። የካርቡራቶር ፖምፓ ግፊት ከግማሽ ባር በታች ነው፤ የኢንጀክሽኑ 2 ተኩልና 3 ባር ይደርሳል። ፕላስቲኩ ይፈነዳል። ለእሱ የብረቱ ነው፤ ከመፈታቱም በፊት ግፊቱ መልቀቅ አለበት። ናፍጣ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ከታች የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ፣ ከተቀየረ በኋላም አየሩን በእጅ ፖምፓ ማስወጣት ይፈልጋል።

ሁለት እንድንገዛ መከረን። አንዱ አሁን ይገጠማል። የዛገ ሰልባትዮ ቢታጠብም የቀረውን ስለሚለቅ ሁለተኛው ከወር በኋላ ይተካል። አንዱ 400 ብር። ለሥራው፣ ሰልባትዮውን ጨምሮ፣ 1,200 ጠየቀ። ዋጋውን የነገረን ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከጨረሰም በኋላ አልጨመረም። የተሰነጠቀውን ፊልትሮ በፌስታል አድርጎ ለአጎቴ ሰጠው።

ስንመለስ ጋራዡ ደወልኩ። “ጸድቶ ነው የተገጠመው፣ ያው ነው” አሉኝ። የወረቀት ፊልትሮ እንደማይታጠብ ስነግር ኃላፊው ስብሰባ ላይ ሆነ። ገንዘቡን አልመለሱም። አጎቴን ሄደን እንጨቃጨቅ ብዬ ብጠይቀውም አልሄደም፤ በየሠርጉና በየለቅሶው የሚያገኛቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ነኝ የምጽፈው።

መኪናው አሁን ደንገጎን ሳያርፍ ይወጣል። ሐረር የምትሄዱ፣ የካርቡራቶር ነገር ካላችሁ ሸዋ በር አካባቢ የድሮ ፔጆ የሚሠራውን ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል። ኢንጀክሽን ከሆነ እሱ ራሱ “እኔ አልነካውም” ብሎ ወደ ሌላ ይልካችኋል። ብቻ በጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ የጫት በርጫ ላይ ነው፤ ያኔ ለንጉሥም አይነሣም።