ለአራዳ ገበያው ጫማ ሰፊያችን ምስጋና፣ ጫማ ለሚያሰፋ ሁሉ ጥቆማ

ጎንደር ላላችሁ ሁሉ። ጫማችሁ አፉን ከከፈተ ወይም ሊከፍት ካሰበ ሰው ልጠቁማችሁ ነው። መጀመሪያ ግን ምስጋናዬን ላድርስ።

እኛ የአንድ ሰፈር ልጆች ነን። ቢሮ የሚሠራ አለ፣ ሱቅ የሚሸጥ አለ፣ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ባጃጅ ይነዳል። ጧሪ ለሌላቸው የሰፈራችን አረጋውያን ገንዘብ ለማሰባሰብ ረጅም የእግር ጉዞ ለማድረግ ተስማማን። ወዳጅ ዘመድ በኪሎ ሜትር ይህን ያህል ብር እሰጣለሁ ብሎ ይመዘገባል፣ እኛ እንሄዳለን። መጀመሪያ ያሰብነው በቆላ ድባ በኩል አድርገን ጎርጎራ፣ ጣና ዳር መድረስ ነበር። እሱ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም እንደ ልብ የሚኬድበት ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ ከከተማ ሳንርቅ እንዙር አልን። ከፒያሳ አዘዞ ደርሶ መልስ፣ ከዚያ ወደ ወለቃ፣ ተመልሶ ፋሲል መዋኛ ጋ ማብቃት። በአንድ ቀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

«40 ኪሎ ሜትር ደግሞ ምን አላት» የሚል አይጠፋም። አያቶቻችን ገበያ ውለው ለመመለስ ስንቱን ዳገት ይወጡ ነበር፣ ያውም በባዶ እግር። ልክ ነው። እኛ ግን ከሰፈር ፒያሳ ለመድረስ ባጃጅ ቆመን የምንጠብቅ ሰዎች ነን።

የአዘዞን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሲኬድ ቁልቁለት ስለሆነ ሰው ያታልላል። ጉዱ የሚመጣው ሲመለሱ ነው። ፀሐዩ ከርሯል፣ ጉልበት አልቋል፣ አቀበቱ ከፊት ተደቅኗል። ጣት የሚያስለቅሰው ግን አቀበቱ እንዳይመስላችሁ። ቁልቁለቱ ነው። እግር ጫማው ውስጥ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጥፍር ከጫፉ ጋር ይጋጫል።

ልምምዱን የጀመርነው በጾም ነው። ዘንድሮ አብይ ጾምና ረመዳን ተከታትለው ገቡ፤ ቡድናችን ውስጥ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ሰው አለ። በአንዱ ላይ መጨከን ስላልፈለግን በሥራ ቀን አመሻሽ ላይ አጭር አጭር እንሄድ ነበር። እንዲህ አርገን የምንጨርሰው ልክ አዛን ሲል ነው፣ አንዱ ቤት ደጃፍ ላይ። ቴምሩን ሁላችንም እንበላለን፣ የሥጋ ሳምቡሳዋን ግን እያየን እናልፋታለን። (እናቱ በኋላ የምስር መሥራት ጀመሩ። አላህ ይስጣቸው።) ረጅሙን ልምምድ ከሁለቱም በዓል በኋላ አደረግነው። ፍጥነታችንን የምንለካውም በወሬ ነው። እያወራን መሄድ ካቃተን ፈጥነናል ማለት ነው። ደግሞ ቀርፋፋው ሰው ሁልጊዜ ከፊት ይሆናል። ከኋላ ሆኖ ለመድረስ የሚሮጥ ሰው ከሁሉም በፊት ይደክማል።

እንዲህ ተጠንቅቀን ሳለ ያስቸገረን እግራችን ሳይሆን ጫማችን ነበር። የነርሷ ተረከዝ ውሃ ቋጠረ። የአንዱ ጥፍር ጠቆረ። የባጃጅ ሹፌሩ ደግሞ አዘዞ ሊደርስ ሲል የቀኝ ጫማው ሶል ከግማሹ ተገንጥሎ ጷ ጷ ይል ጀመር። በፌስታል ጠፍሮ ትንሽ ሞከረ፣ አልሆነም። ሰው ሲያደርስ የኖረ ልጅ በሌላ ሰው ባጃጅ ተጭኖ ገባ። እስካሁን እናሾፍበታለን።

በማግስቱ የሁላችንንም ጫማ ማዳበሪያ ውስጥ ከተን ወደ አራዳ ገበያ ወረድን። ሰፈር ያሉ አንዲት እናት ናቸው እኚህን ጫማ ሰፊ የጠቆሙን። ስማቸውን እንዳልጽፍ ራሳቸው ከልክለውኛል፤ «ስሜን ምን ያደርግልሻል፣ መርፌዬን አመስግኚ» ነው ያሉኝ። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። ገበያው ጥግ፣ በሸራ ጥላ ሥር፣ ከተደረደሩት ጫማ ሰፊዎች መካከል በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ናቸው።

ማዳበሪያውን ስንዘረግፍ ወዲያው መስፋት ይጀምራሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። መርፌ አልነኩም። ጫማውን ጥንድ ጥንድ አድርገው ገልብጠው ደረደሩትና ሶሉን ማየት ያዙ። «ይሄ የማነው?» አሉ አንዱን አንስተው። «ባለቤቱ ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ወለምታ ነክቶት ያውቃል?» ነክቶታል። የሌላዋ ሶል ከውስጥ በኩል ብቻ ተበልቷል፤ እሷ ደግሞ ስትራመድ እግሯ ወደ ውስጥ እንደሚወድቅ ነገሯት። የተረከዝ የውጩ ጠርዝ ትንሽ ቢበላ የሁሉም ሰው ነው፣ አያሳስብም አሉ። ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ።

ከዚያ የእኔን ጫማ አነሱ። ላዩ ንጹህ ነው፣ አዲስ ይመስላል። የተረከዙን ስፖንጅ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት። ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። «ልጄ፣ ይሄ ሞቷል። እኔም ብሰፋው ገንዘብሽን በላሁ እንጂ አልጠቀምኩሽም።» የሌላ ልጅም እንደዚሁ መለሱ። ሁለት ጥንድ ሥራ ሲቀርባቸው አልሠራም ያለ ባለሙያ የሚያጋጥመው ስንቱን ሰው ነው? እኔ እዚያው ጨርሼ አመንኳቸው።

የሹፌሩን ጫማ ሲሠሩ ቁጭ ብዬ አየሁ። የድሮውን ማስቲሽ በቢላ ፍቀው አነሱ፣ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አሻከሩ። አዲሱን ማስቲሽ ከሶሉም ከጫማውም ላይ ቀቡና ዝም ብለው አስቀመጡት። ልጁ «አሁን አይጣበቅም ወይ?» ሲላቸው በጣታቸው ነክተው አሳዩት። ጣት ላይ መያዝ እስኪያቆም ይጠበቃል፣ እርጥቡን የሚያጣብቅ ሰው ነው በሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣው። ሲደርስ ገጥመው በመዶሻ ቀጠቀጡት። በዚህም አላበቁም። ማስቲሽ ብቻውን ሙቀትና ውሃ አይችልም ብለው፣ ክሩን ሰም አስነክተው ዙሪያውን በወስፌ ሰፉት። ያ ጫማ እስከ መጨረሻው ቀን አልተላቀቀም።

ምክራቸውን ደግሞ አንድ ብር አላስከፈሉንም። እኔና ሌላው ልጅ አዲስ እንድንገዛ ሲነግሩን፣ ጠዋት እንዳትገዙ አሉን። ቆሞ ሲሄድ የዋለ እግር ያብጣል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ፣ የምትጓዙበትን ካልሲ አድርጋችሁ ሞክሩ። ከትልቁ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ይተርፍ። አዲስ ጫማ ለጉዞው ቀን አይደረግም፣ አስቀድሞ በአጭር በአጭሩ ይለመዳል። ከውስጥ ስስ ካልሲ ከላይ ወፈር ያለ ድርቡ፣ መፋተጉ በካልሲዎቹ መካከል ይቀራል። ጥፍራችሁን ደግሞ አሳጥሩ። ነርሷም ከራሷ ጨመረች፤ ቆዳው ሲግል ከተሰማችሁ ውሃ እስኪቋጥር አትጠብቁ፣ ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ።

ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ግን የማሰሪያው ነገር ነው። ብዙ የስፖርት ጫማ ላይ፣ ቁርጭምጭሚት አጠገብ፣ በየጎኑ ማንም የማይጠቀምባት አንዲት ትርፍ ቀዳዳ አለች። ለጌጥ ትመስለኝ ነበር። ማሰሪያውን በዚያው ጎን ወደ እሷ አስገብተው ትንሽ ቀለበት ይሠራሉ፤ የሌላኛውን ጎን ጫፍ በቀለበቷ አሳልፈው ይስቡና ያስራሉ። ተረከዝ ቁጭ ይላል፣ አይንሸራተትም። የአዘዞን ቁልቁለት ከዚያ በኋላ ስወርደው ጣቴ ጫፉን አልነካም። ሞክሩት።

ከበዓሉ በኋላ አንድ ቀን ዝናብ ያዘን። ኮብልስቶኑ ሁሉ ጎርፍ ሆነ፣ ጫማችን ራሰ። አንዱ ከሰል ምድጃ አጠገብ ሊያስቀምጥ ሲል ደወልንላቸው። ጋሼ ጮኹ። እሳት ማስቲሹን ያላቅቀዋል፣ ቆዳውንም ያደርቀዋል፤ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ውስጥ ተዉት፣ ጋዜጣው ሲርስ ቀይሩት አሉን። ጋዜጣ ፍለጋ ሰፈር ዞርን። ዘንድሮ ጋዜጣ የሚገዛ ሰው የለም ለካ። በመጨረሻ የልጆች አሮጌ ደብተር ቀደድን።

ለጉዞው ቀን ወስፌ፣ በሰም የታሸ ክርና ሁለት ትርፍ ማሰሪያ ቋጥረው ሰጡን። ሹፌሩንም አስቀምጠው አሰፋፉን አሳዩት፤ መንገድ ላይ ብትቆሙ የሚያነሳችሁ ሰው ከመካከላችሁ ይሁን ብለው። ወለቃ ላይ የአንዷ ማሰሪያ ተበጠሰና ትርፏ ደረሰችልን። ሁላችንም አብረን ፋሲል መዋኛ ገባን፣ ቀርፋፋዋ ከፊት። (እኔ ነኝ።) የመጨረሻውን ዙር ጥገና ሒሳብ ልከፍላቸው ስሄድ፣ የእኔን በኪሎ ሜትሩ ላይ ጻፊልኝ ብለው መለሱልኝ። መዝገቡ ላይ አለ። ጋሼ፣ የ44ቱ ታቦት አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

እንግዲህ ለምትሄዱ ሰዎች። ቅዳሜ አትሂዱ፣ ገበያ ስለሆነ መቆሚያም የለም። ችኩል ከሆናችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እሳቸው ሥራ አያጣድፉም፣ «ነገ ነይ» ካሉ ነገ ነው። ዋጋቸው ከጎረቤቶቻቸው ትንሽ ይበልጣል፣ ግን ሳይጀምሩ ይነግሯችኋል፣ ከዚያ ወዲያ አይጨምሩም። የተማሪ ጫማ ያላችሁ መስከረም እስኪጠባ አትጠብቁ፣ ያኔ ወረፋው አይቻልም። ጭቃውን ደግሞ አጥባችሁ ውሰዱ። ይቆጣሉ።