ክብ፣ ካሬ ወይስ ሮጋሎ? ለእኛ ከፍታ የሚሆን መጠባበቂያ ፓራሹት

ፓራግላይዲንግ በጨርቅ ክንፍ መብረር ነው፤ መጠባበቂያው ፓራሹት ደግሞ ክንፉ አየር ላይ ሲበላሽ በእጅ የምትወረውሩት ነው። ፒያሳ ሆናችሁ እሱን ስትመርጡ ከዋጋው በፊት ከፍታችሁን አስቡ። መሃል አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ማንኛውም ፓራሹት ፈጠን ብሎ ይወርዳል።

በቁጥር ላሳያችሁ። ኢኤን 12491 የሚባለው የአውሮፓ መስፈርት ፓራሹቱ በሰከንድ ከ5.5 ሜትር በላይ እንዳይወርድ ይጠይቃል። ይህ ግን የባሕር ወለል አየርን ይዞ የተሰላ ነው። እዚያ ልክ 5.5 ላይ ያለ ፓራሹት እኛ ጋ በሰከንድ 6.2 ሜትር ገደማ ይገባል። 5.5 ከአንድ ሜትር ተኩል እንደ መዝለል ነው፤ 6.2 ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል። ለቁርጭምጭሚትና ለወገብ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ስለዚህ መለያው የሚሸከመው እስከ 100 ኪሎ ነው ካለና እናንተ 98 ከሆናችሁ እሱን ተዉት፤ ከፍ ያለውን ውሰዱ። ስትመዘኑ ክንፉን፣ ተቀምጣችሁ የምትበሩበትን መታጠቂያ፣ ሄልሜቱን፣ ውሃችሁንም ጨምሩ። ከልክ በላይ ትልቅም አይሁን፤ ሲከፈት ይዘገያል፣ ያወዛውዛልም።

ክቡ የቆየው ዓይነት ነው። ረከስ ይላል፣ ማጠፉም አያስቸግርም። ችግሩ ውዝዋዜው ነው፤ እየተወዛወዛችሁ መሬት ከደረሳችሁ ምቱ ይከብዳል። ካሬው አየሩን በየማዕዘኑ ስለሚያስወጣ ረጋ ብሎ ይወርዳል። ዋጋው ከፍ ቢልም ለአብዛኛው ሰው እኔ የምመክረው እሱን ነው። ሮጋሎ ደግሞ የሦስት ማዕዘን ክንፍ ይመስላል፣ አቅጣጫውንም እናንተ ትመሩታላችሁ፤ ከዛፍና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ለመሸሽ ጥሩ ነው። ግን ዋናውን ክንፍ ቶሎ ካልሰበሰባችሁት ወይም ካልለቀቃችሁት ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎተታሉ፣ አወራረዱም ይፈጥናል። ዝቅ ብላችሁ ከወረወራችሁት ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለም። ለጀማሪ አልመክረውም።

አሁን ወደ መግጠሙ፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። የእኔን የሸጠልኝ ሰው "ለሁሉም መታጠቂያ ይሆናል" ብሎኝ ነበር። መሬት ላይ አስቀምጬ እጀታውን ስስበው ወጣልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ጓደኛዬ ግቢ ውስጥ መታጠቂያውን ከብረት ላይ ሰቅለን፣ ተቀምጬበት ስሞክረው ግን ንቅንቅ አላለም። ኪሱ መቀመጫው ሥር ነው። ፓራሹቱ ለኪሱ ወፍሮ ነበርና ክብደቴ ሲጨመርበት ጭራሽ ተጨናነቀ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የታጠፈው ፓራሹት ስንት ሊትር እንደሆነ፣ ኪሱ ደግሞ ስንት እንደሚይዝ አስተያዩ። ከገጠማችሁ በኋላ ተሰቅላችሁ ሳቡት፣ በአንድ እጅ።

ፓራሹቱ ከመታጠቂያው ጋር የሚያያዝበት ቦታ ትከሻ ላይ ይሁን፤ በእግራችሁ የምታርፉት ያኔ ነው። የብረት ማያያዣዎቹ በመፍቻ ይጥበቁ፣ እንዳይዞሩም በላስቲክ ይያዙ። ፓራሹቱን ከመታጠቂያው የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ገመድ ከሌላ ጠፍጣፋ ገመድ ጋር ላልቶ ከተቋጠረ ሲከፈት በፍትጊያ ይቃጠላል።

ያገለገለ ካገኛችሁ የተሠራበትን ቀን መለያው ላይ እዩ። አሥር ዓመት የሞላውን፣ ሻጩ "አንዴም አልተከፈተም" ቢላችሁም አትግዙ። የገዛችሁትን በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ሲደርቅ፣ ፍቱትና ጥላ ሥር አናፍሱት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ጨርቁን ታዳክመዋለች። መልሶ ማጠፉን ለሚያውቅ ሰው ስጡ፣ እናንተም አጠገቡ ቁሙ።