ለአሮጌ የጦር ጠብመንጃ የትኛው አረር ይሻላል? መዳብ የለበሰ፣ ተፈስሶ የተሸጠ ወይስ በራስ ፎርማ የፈሰሰ

ከጦር መጋዘን ወጥቶ የተሸጠ አሮጌ ጠብመንጃ ያለውና ቀለሁን ራሱ የሚሞላ ሰው ሦስት ምርጫ አለው፤ መዳብ የለበሰ የፋብሪካ አረር፣ ሌላ ሰው አፍስሶ የሚሸጠው የእርሳስ አረር፣ ወይም ፎርማ ገዝቶ እርሳሱን ራስ ማቅለጥ። ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚያወዳድረው ዋጋቸውን ነው። በርሜሉ ሳይለካ ግን የዋጋ ንጽጽር ከንቱ ነው።

የእርሳስ አረር ደህና የሚሄደው ከበርሜሉ የቦይ ስፋት፣ ማለትም በርሜሉ ውስጥ ተጠማዝዘው ከተቆረጡት ቦዮች ግርጌ እስከ ግርጌ ካለው ልክ፣ ከ0.025 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ሲወፍር ነው። ከቀጠነ የጋለ ጋዝ በጎኑ ሾልኮ እርሳሱን ይልጠዋል፤ ልጣጩ በርሜሉ ውስጥ ይለጠፋል፤ ዒላማው ላይም ጥይቱ ይበታተናል። የጦርነት ጊዜ በርሜሎች ደግሞ ልካቸው ወጥ አይደለም። የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ቦይ በወጉ 7.9 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆንም ከ8 የሚያልፍም ይገኛል። የሩሲያው ሞሲን ናጋንትም እንደዚያው ነው። «7.62» የሚለው የጥይቱ ስም ያሳሳታቸው ገዢዎች 7.82 ሚሊሜትር የሆነውን የተለመደ አረር ገዝተው ለምን አልተሰበሰበም ይላሉ። የጀርመን ማውዘር ላይ ጉዳዩ ከመበታተንም ያልፋል። በ1905 እ.ኤ.አ. የአረሩ ውፍረት ከ8.08 ወደ 8.22 ሚሊሜትር ስላደገ፣ ወፍራሙን በጠባቡ አሮጌ በርሜል መተኮስ አደገኛ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። ዘይት የተቀባ ለስላሳ የእርሳስ ቁራጭ ከአፈሙዙ በኩል በናስ ዘንግ ቀስ ብሎ እየተገፋ ያልፍና በማይክሮሜትር ይለካል። ባለ ሁለት ቦይ ኤንፊልድ ላይ ይህ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ባለ አምስቱ ግን ቦይ ከቦይ ትይዩ ስለማይሆን ትዕግሥት ይጨርሳል።

አሁን ወደ ግዢው። መዳብ የለበሰው የጠብመንጃውን ሙሉ ጉልበት ይሰጣል፤ የድሮው የሊ ኤንፊልድ .303 ጥይት በሰከንድ 740 ሜትር ገደማ ይሄድ ነበር። ግራሶ አይፈልግም፤ ማቅለጥም ሆነ መጠበቅ የለበትም። ግን ውድ ነው፣ ትከሻ ይደበድባል፣ ከወትሮው ለሰፋ በርሜል የሚሆን ልክም እንደልብ አይገኝም።

ተፈስሶ የሚሸጠው እርሳስ ለብዙው ሰው የምመክረው ነው፤ ግርጌው ላይ ጋዝ ቼክ የሚባለው የመዳብ ቆብ ካለው። ያለ ቆቡ በሰከንድ ከ400 ሜትር ማለፍ ችግር ይጋብዛል፤ ከቆቡ ጋር 550 ገደማ መድረስ ይቻላል። ግራሶ የተቀባው ይጨሳል፣ እጅ ያቆሽሻል፤ በምድጃ የተጋገረ የዱቄት ቀለም የለበሰው ንጹሕ ነው፣ እኔም እሱን አስቀድማለሁ። ሻጮች ስለ ጥንካሬው ብዙ ያወራሉ። ዘጠና ከመቶ እርሳስ፣ አምስት ቆርቆሮ፣ አምስት አንቲሞኒ የሆነው ድብልቅ በብሪኔል መለኪያ 15 ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሻጩን መጠየቅ ያለብዎ «ስንት ሚሊሜትር ተደርጎ ተስተካክሏል?» ብለው ነው።

ፎርማ መግዛት የሚያዋጣው በርሜሉ ሰፍቶ ልኩ ሱቅ ላይ ለጠፋበት ወይም ብዙ ለሚተኩስ ሰው ነው። የአሉሚኒየሙ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይግላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ የብረቱ ዕድሜው ይረዝማል፣ ዘይት ካልተቀባ ግን ይዝጋል። ማቅለጫው፣ ጭልፋው፣ አረር ማስተካከያውና ቆቦቹ ሲደመሩ ወጪው ከፎርማው በእጅጉ ይበልጣል። ንጹሕ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ጠብታ ውሃ ከገባበት ይፈነዳል። ማቅለጫ ድስቱ ወጥ ቤት አይመለስም፤ ከሥራው በኋላም ከመብላት በፊት እጅ ይታጠባል።

እርሳስ የመረጠ ሁሉ የቀለሁን አንገት በትንሹ የሚከፍት መሣሪያ ይጨምር፤ አለበለዚያ ጠርዙ አረሩን ይፍቀዋል። ባሩዱም ለእርሳስ አረር ከታተመ ሠንጠረዥ ብቻ ይወሰድ። በዚህ አሞላል ባሩዱ ትንሽ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ቢጨመር እንኳ ከቀለሁ ሞልቶ አይፈስም፣ ስህተቱም ሳይታወቅ ያልፋል፤ ስለዚህ አረሩ ከመገባቱ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በባትሪ ማየት ግድ ነው።

የተለካው በርሜል ከወግ ካልወጣና ጠብመንጃው ሊ ኤንፊልድ ወይም ማውዘር ከሆነ ተፈስሶ የተሸጠውን ይግዙ። ሰፊ በርሜል ያለው ሞሲን ፎርማ ይፈልጋል። የስዊድኑ 6.5 ሚሊሜትር ማውዘር ግን የቦዮቹ ጥምዝ በ200 ሚሊሜትር ገደማ አንድ ዙር ስለሚዞር በፍጥነት የሚሄድ እርሳስን ያንሸራትተዋል፤ ለእሱ መዳብ የለበሰውን ይግዙ።