የአያቴን ድስት ምንነት ለማወቅ የሄድኩባቸው ሦስት ባለሙያዎች

ለአምስት ሳምንት ወደ አገር ቤት በተመለስኩበት ጊዜ ከሁሉ አብልጦ ልቤን የያዘው ጉዳይ፣ ከአያቴ የወረስነውን አንድ ከባድ ድስት ምንነት ማጣራት ነበር። የድስቱ ወርድ 31፣ ቁመቱ 14 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ ከክዳኑ ጋር 6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። እንግዳ የሆነብን ክዳኑ ነው፤ መሃሉ ላይ መያዣ የለውም፣ ላዩ ጠፍጣፋ ሆኖ ዙሪያውን 4 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ አለው፣ ከጎኑም ረጅም እጀታ ወጥቶለታል። በቤታችን ለብዙ ዓመታት እንደ ትሪ ሲያገለግል ስለኖረ፣ ከድስቱ ጋር አብሮ የተሠራ መሆኑን እንኳ የምናውቅ አልነበርንም።

መጀመሪያ የሄድኩት የጥንት ዕቃ ገማች ዘንድ ነው። አቀባበሉ መልካም ነበር፤ ሥራው ግን አላረካኝም። ባለሙያው ድስቱን ሳይገለብጥ «ናስ ነው፣ 200 ዓመት ይሆነዋል» ካለ በኋላ፣ በሻካራ ማጽጃ ፈትጎ ሊያወለውለው አሰበ። እኔ ግን ከመሄዴ በፊት ክዳኑን በቤት ሚዛን መዝኜው ነበር። በአየር 1,540 ግራም የነበረው በክር አንጠልጥዬ ውኃ ውስጥ ስነክረው በ172 ግራም ቀለለ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ለሁለተኛው ሲካፈል 8.95 ይሆናል፤ ይህም የክዳኑ እፍጋት፣ ማለትም በመጠን እኩል ከሆነ ውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ የሚያሳይ ቁጥር ነው። የንጹሕ መዳብ እፍጋት 8.96 ሲሆን፣ የተለመደው ናስ ግን ዚንክ ስለተቀላቀለበት አብዛኛውን ጊዜ ከ8.4 እስከ 8.7 ነው። ይህን ባስረዳውም ሐሳቡን ስላልቀየረ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ። መወልወሉን መከልከሌ ምን ያህል እንደጠቀመኝ የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ሁለተኛው የብረታ ብረት መመርመሪያ ላቦራቶሪ ነበር። እዚያ ያለው መሣሪያ ዕቃውን ሳይቆርጥና ሳይቧጭር፣ የኤክስ ሬይ ጨረር አሳርፎበት ከሚመለሰው ጨረር በውስጡ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ይለያል። ሠራተኛዋ ትዕግሥተኛና ግልጽ ነበረች። መሣሪያው የሚያነበው ስስ የሆነውን የላይኛውን ንጣፍ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ቦታ መለካት ስለ ዕቃው ሁሉ እንደማይናገር አስረድታኝ፣ የውጭውን ግድግዳ፣ መጋጠሚያውንና የውስጡን ነጭ ሽፋን ለየብቻ ለካችልኝ። ግድግዳው ከ99 በመቶ በላይ መዳብ፣ መጋጠሚያው የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ሆኖ ተገኘ። የውስጡ ሽፋን ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ስል የቤት ክዳኑን ሳይሆን ያንን ነጭና ለስላሳ ማዕድን ማለቴ ነው። ያስደነገጠኝ ከቆርቆሮው ጋር እርሳስም መገኘቱ ነበር። እርሳስ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ጉዳት የማያደርስ ተብሎ የሚታወቅ መጠንም የለውም። ስለዚህ የዕቃውን ስም ላቦራቶሪው ባይነግረኝም፣ በዚህ ድስት ዛሬ ምግብ መሠራት እንደሌለበት ስላሳወቀኝ ብቻ ባለውለታዬ ነው። በሁለተኛው ቀን የተሰጠኝ ውጤትም የተለካውን ቦታ ሁሉ በጽሑፍ የለየ ነበር።

ዕቃውን በእውነት ያወቁት ግን ሦስተኛው፣ አንድ አዛውንት መዳብ ቀጥቃጭ ናቸው። ድስቱን ወደ በሩ ብርሃን ወስደው ገለበጡት፣ በግድግዳውና በመቀመጫው ዙሪያ ያለውን እንደ መጋዝ ጥርስ የተጠላለፈ ቢጫ መስመር በጥፍራቸው ተከተሉት፤ ከዚያም አያቴ የሚጥዱበት ምን ዓይነት ምድጃ እንደነበረ ጠየቁኝ። መስመሩ ሁለት የመዳብ ዝርግ ጫፎች ተጥርሰው ከተቆላለፉ በኋላ በናስ የተበየዱበት መጋጠሚያ ነው፤ በማሽን ተጭኖ ከአንድ ዝርግ የሚወጣ ድስት እንዲህ ያለ ስፌት አይኖረውም። ቀጥለው ክዳኑን አንስተው በጠርዙ ውስጠኛ ማዕዘን የተጋገረውን ጥቀርሻ አሳዩኝና «ልጄ፣ ይህ ትሪ አይደለም፤ እሳት የሚሸከም ክዳን ነው» አሉኝ።

በዚያች ቅጽበት ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። የክዳን ላይኛው ፊት በተለመደው አሠራር እሳት አይነካውም፤ እዚያ የተጋገረ ጥቀርሻ ካለ ፍም ተቀምጦበታል ማለት ነው። ጠርዙ ፍሙ እንዳይንሸራተት ያግደዋል፣ የጎኑ እጀታም እጅን ከሙቀቱ ያርቃል። ድስቱ ከሥርም ከላይም እየጋለ፣ በየቤቱ ምድጃ ያለው ማብሰያ ሳጥን (ኦቨን) ከመለመዱ በፊት የእርሱን ሥራ ይሠራ ነበር። ፈረንሳዮች ለእንዲህ ያለው ድስት የሚሰጡት «ብሬዚዬር» የሚለው ስምም የመጣው ፍም ማለት ከሆነው ቃላቸው ነው። ያ ገማች ክዳኑን ወልውሎት ቢሆን ኖሮ ይህ ጥቀርሻ አብሮ በሄደ፣ አያቴም በምን እንዳበሰሉበት የሚመሰክር ነገር ባልቀረ ነበር።

ሽማግሌውን ይበልጥ እንዳከብራቸው ያደረገኝ ዘመኑን ስጠይቃቸው ቁጥር አለመጥራታቸው ነው፤ እንዲህ ያለውን ስፌት በእጅ የሚሠሩ ሰዎች ማሽን ከመጣም በኋላ ስለነበሩ፣ በስፌቱ ብቻ ዓመት አይቆጠርም አሉኝ። በአገልግሎታቸው ላይ የማነሳው ቅሬታ አንድ ብቻ ነው፦ ለተረከቡት ዕቃ ደረሰኝ አይሰጡም። ስለዚህ የድስቱን ልክና ፎቶግራፍ የያዘ ወረቀት ራሴ አዘጋጅቼ ሁለታችንም ፈረምንበት።

አሮጌውን ሽፋን አንሥተው ንጹሕ ቆርቆሮ ሊያለብሱልኝ ተስማምተናል፤ የሚጠቀሙበትን ቆርቆሮ ቁራጭም አስቀድሞ ለዚያው ላቦራቶሪ አስመርምሬ ከእርሳስ ነጻ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ድስቱ ባዶውን እሳት ላይ መጣድ እንደሌለበት ለእህቴ ነግሬአታለሁ። የክዳኑ ላይኛው ፊት ግን ጥቀርሻው እንዳለ ይቀመጥልኝ ብዬ ስለጠየቅኋቸው፣ እርሳቸውም ሳያቅማሙ እሺ ብለውኛል።