«ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ቀጥታ፣ 13 ሰዓት» የሚል ትኬት ከቀረበላችሁ ሳታጣሩ እንዳትከፍሉ

ወገኖች፣ ክረምት ሲቃረብ በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚዞረው ማስታወቂያ ያው ነው፤ «አዲስ አበባ – ዋሽንግተን፣ ቀጥታ፣ 13 ሰዓት፣ በቅናሽ»። እንዲህ የሚል ትኬት ቆራጭ ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ ሁለት የተለያዩ ትኬቶች አጣብቆ እየሸጠላችሁ ነው።

13ቱ ሰዓት የመጣው ከስሌት ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ በሰዓት ለ900 ኪሎ ሜትር፣ አካፍሉት። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ስሌቱ ይሠራል፤ ንፋሱም ከኋላ ይገፋል። ከዚህ ሲኬድ ግን ቦሌ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ከሙሉ መንገደኛና ሻንጣ ጋር የጫነ አውሮፕላን ለመነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መሃል ላይ አርፎ ይሞላል፤ የአየርላንዷ ደብሊንም የቶጎዋ ሎሜም ለዚሁ አገልግለዋል። ጉዞው 16፣ 17 ሰዓት ይፈጃል። በአንድ የበረራ ቁጥር ስለሚሄድ «ቀጥታ» ቢሉት አንጣላም፤ ውሸቱ 13ቱ ላይ ነው።

ራሳችሁ አስሉት። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የየከተማው ሰዓት ነው። ለምሳሌ በሐምሌ 22:30 (ከምሽቱ 4:30) ከቦሌ ተነስቶ በማግስቱ 08:00 ዋሽንግተን ይገባል ከተባለ፣ ያኔ አዲስ አበባ 15:00 ነው፤ ልዩነቱ 7 ሰዓት ነዋ። ስለዚህ ጉዞው 16 ሰዓት ተኩል ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ገደማ ልዩነቱ 8 ይሆናል። በነገራችን ላይ 00:30 የሚል ትኬት ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው፤ ቀኑ 15 ከሆነ ቦሌ የምትገኙት በ14 ማታ ነው።

ትልቁ ጉዳት ያለው የተጣበቀው ትኬት ላይ ነው። አንዱ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት፣ ሌላው ከፍራንክፈርት ዋሽንግተን፣ በተለያየ አየር መንገድ። ቦሌ ካውንተር ላይ ያለው ሠራተኛ የሚያየው መድረሻ ፍራንክፈርት ነው፤ የሸንገን ቪዛ ይጠይቃል። የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ ያለ ትራንዚት ቪዛ ማለፍ የሚችለው ከኤርፖርቱ ሳይወጣ ሲቀያይር ብቻ ነው። እዚህ ግን ሻንጣው እስከ ዋሽንግተን ስለማይላክ፣ ኢሚግሬሽን አልፎ ማውጣትና እንደገና ማስመዝገብ ሊኖርበት ነው። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ «አልቀረብክም» ብሎ ይዘጋዋል፤ ገንዘቡም ቀለጠ። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት ብቻቸውን እዚያ ሲቆሙ አስቡት።

ከመክፈላችሁ በፊት ሙሉ የጉዞ ሰነዱን አስልኩ። ባለ ስድስት ፊደል የቡኪንግ ቁጥር ብቻ ከሰጧችሁ ቦታ ተይዞ ትኬት ገና ያልተቆረጠ ሊሆን ይችላል፤ ጠይቁ ባለ 13 አሃዙን የትኬት ቁጥር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፤ 071 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ሁለቱ በረራዎች የተለያየ መለያ ከያዙ ተጠራጠሩ፣ «ሻንጣው ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ታግ ይደረጋል?» ብላችሁም በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ። ቁጥሩን በራሱ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ አስገብታችሁ ስማችሁ መውጣቱን እዩ።

ከገዛችሁ በኋላ ከነቃችሁ ቶሎ ደውሉ። በአሜሪካ ሕግ፣ ወደዚያ ለሚደረግ በረራ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት የመሰረዝ መብት ሊኖረው የሚችለው፣ ከጉዞው ቢያንስ 7 ቀን ቀድሞ ከአየር መንገዱ በቀጥታ የተገዛ ትኬት ነው። ትኬት ቢሮዎች ይህ ሕግ አያስገድዳቸውም።