የተቀባ በርጩማ ወይስ የተቀረጸ?

ፊሊፒኖች ትንሿን የእንጨት በርጩማ «ባንግኪቶ» ይሏታል። ልብስ ሲያጥቡ ቁጢጥ የሚሉባት እሷ ናት። የጥበብ ሥራ ስትሆን ወይ ሠዓሊ ይቀባታል፣ ወይ ቀራጺ ይፈለፍላታል።

ቅርጽ ከተባለ በላጉና ግዛት ያለችው ፓዬቴ ትቀድማለች። ስሟ ራሱ «ፓዬት» ከሚለው የታጋሎግ ቃል የመጣ ነው፤ መሮ ማለት ነው። በመሮ የወጣ አበባ አይላጥም። ጥልቅ ከሆነ ግን ይቆረቁራል፣ አቧራም ይይዛል።

ልቤን የምትወስደው የተቀባችው ናት። ሠዓሊው ቦቶንግ ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1912 የተወለደባት አንጎኖ የአገሪቱ የጥበብ መዲና ትባላለች። የእሱ ዓይነት ደማቅ ቀለም ስንዝር ተኩል በማትሞላ መቀመጫ ላይ ሲሰፍር፣ ትልቅ ሸራ መግዛት የማይችል ሰውም ሥዕል ቤቱ ይገባለታል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሯ ጠርዟ ላይ ነው። ጭን የሚታከከው የፊተኛው ጠርዝ ቀድሞ ይገረጣል። እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ካልታሸ፣ ከአክሪሊክ ቀለሙ በላይም ቫርኒሽ ካልተደረበ፣ በዚያ አገር እርጥበት ቀለሙ እየተነሣ ይረግፋል። ስለዚህ ስገዛ መጀመሪያ ጠርዙን በጣቴ እዳስሳለሁ። ቤት ከገባች በኋላም መደርደሪያ ላይ አልሰቅላትም፤ እቀመጥባታለሁ።