ኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ወይስ የወረቀት መጽሐፍ፦ የሁለት ዓመት ተሞክሮ ከባሕር ዳር

የአክስቴ ልጅ ባለ 6 ኢንች የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ከውጭ አገር ይዛልኝ የመጣችው በ2016 ዓ.ም. በገና ሰሞን ነው። በዚያ ወቅት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት አልፈው ስለነበር፣ እሷ እዚያው ሳለች የጫነችልኝ 40 ያህል የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ አብረውኝ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያውን በየቀኑ ስለምጠቀምበት፣ በሰፈርም በሥራ ቦታም የሚያዩኝ ሰዎች “ልግዛው ወይስ ወረቀቱ ይሻለኛል?” እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነቡት በየትኛው ቋንቋ ነው? ዋጋውም፣ ባትሪውም፣ የመሣሪያው ስፋትም ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሚታዩ ናቸው።

እንዲህ ዓይነት ማንበቢያዎች በሰፊው የታወቁት የአማዞን ኪንድል እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ነው። ከስልክና ከታብሌት የሚለያቸው የስክሪናቸው አሠራር ነው። ኢ-ኢንክ የሚባለው ስክሪን እጅግ ጥቃቅን በሆኑ እንክብሎች የተሞላ ሲሆን፣ በየእንክብሉ ውስጥ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ነጭና ጥቁር ብናኞች አሉ፤ ጥቁሮቹ ወደ ላይ ሲሳቡ ፊደሉ ይታያል፣ ነጮቹ ሲሳቡ ደግሞ ባዶው ቦታ። ብናኞቹ አንዴ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ጽሑፉን እዚያው ለማቆየት ኤሌክትሪክ አያስፈልግም። ባትሪው በሰዓታት ሳይሆን በሳምንታት የሚቆጠረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የእኔው ማታ ማታ መብራቱን አብርቼ እያነበብኩበት እንኳ ከሦስት ሳምንት በላይ ይቆያል። መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋ ሻማ ፍለጋ መውጣት ቀርቶልኛል።

ልዩነቱን አጥርቼ ያየሁት ባለፈው ጥር ወደ ዘጌ በጀልባ ስንሻገር ነው። ጉዞው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ቀትር ላይ ስለነበር ፀሐዩ ከላይም ከውኃውም ያንጸባርቅ ነበር። ስልኬን ስከፍት ከጽሑፉ ይልቅ የራሴ ፊት ታየኝ። ማንበቢያውን ከተጠቀለለበት ፌስታል አውጥቼ ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው ግን ፊደሉ እንደ ታተመ ወረቀት ጥርት ብሎ ቆመ፤ እንዲያውም ፀሐዩ በበረታ ቁጥር ይበልጥ ይጠራ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት መነጽራቸውን እያስተካከሉ “ይኸ ነገር ወረቀት ነው እንዴ ልጄ?” አሉኝ። ለእንግሊዝኛ ንባብ ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው፦ የማላውቀውን ቃል በጣቴ ስጫነው ፍቺው እዚያው ይወጣል። መዝገበ ቃላት ከጎኔ ዘርግቼ ለማንበብ እሞክር በነበረበት ጊዜ በወር አንድ መጽሐፍ አልጨርስም ነበር፤ አሁን ሦስት እጨርሳለሁ።

አማርኛ ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

መጀመሪያ የከፈትኩት የአማርኛ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ነው የታየኝ፤ መሣሪያው የግዕዝ ፊደል አልነበረውም። ይህስ መፍትሔ አለው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የሚባሉትን ነጻ የፊደል ፋይሎች በኮምፒውተር አውርዶ በማንበቢያው ውስጥ ለፊደል በተዘጋጀው ፎልደር ማስገባት ይበቃል፤ አሥር ደቂቃም አይፈጅም። የከፋው ችግር ከጽሑፎቹ ዘንድ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ብዙ ጽሑፎች የተተየቡት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ በሚያስቀምጡ የቆዩ ፕሮግራሞች ነበር። እንዲህ የተዘጋጀ ፋይል ለማንበቢያው እንዲስማማ ሲቀየር የአማርኛው ቅርጽ ይገፈፍና የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝርክርክ ብቻ ይቀራል። በዩኒኮድ የተተየበውም ቢሆን ከጣጣ አያመልጥም። ብዙ ጸሐፊዎቻችን ከአራት ነጥብ በፊት ክፍት ቦታ ስለሚተዉ፣ መሣሪያው መስመሩን እንደ ስክሪኑ ስፋት ሲቆርጠው አራት ነጥቡ ከዓረፍተ ነገሩ ተነጥሎ የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ይህን በየገጹ አምስትና ስድስት ጊዜ ማየት ንባቡን ያደናቅፋል።

የተቀረው አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ ከታተመ ቅጂ ገጽ በገጽ የተነሣ ፎቶ ነው። የአንድ ተራ ልብ ወለድ ገጽ 21 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ የእኔ መሣሪያ ስክሪን 12 ብቻ ነው። ስለዚህ በ12 የፊደል መጠን የታተመው ጽሑፍ ወደ 7 ገደማ ይወርዳል፤ ፎቶ ስለሆነም ፊደሉን ብቻ ማሳደግ አይቻልም። በላቲን ፊደል እንዲህ ያለው መጠን ዓይን ያደክማል እንጂ አያሳስትም። በእኛ ፊደል ግን “ለ”ን ከ“ሉ” የምትለየው ከጎን የወጣች አንዲት ጭረት ናት፤ ስትደበዝዝ ቃሉ ራሱ ይለወጣል። ዘጌ በደረስንበት ዕለት በኡራ ኪዳነ ምሕረት አንድ የብራና መጽሐፍ ተገልጦ አይቼ ነበር፤ ፊደሉ ትልልቅ፣ መስመሩ ሰፋ ሰፋ ያለ፣ የቅዱሳኑ ስም በቀይ ቀለም የተጻፈ ስለነበር፣ ከገለጡልን አባት ጀርባ ቆሜ በአንድ ክንድ ርቀት እየተከታተልኩ አነበብኩት። ቁም ጸሐፊዎቹ ይህ ፊደል ምን ያህል ቦታ እንደሚፈልግ በሚገባ ያውቁ ነበር።

እነዚህ ፎቶዎች በአብዛኛው በቴሌግራም የሚዘዋወሩ መሆናቸውም እጅግ ያሳዝነኛል። በአንደኛው ላይ ገጹን ጠፍጥፎ የያዘው ሰው አውራ ጣት ከሦስት መስመር በላይ ሸፍኖ አገኘሁ፤ ደራሲው በሕይወት ያለ ሰው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ሆኖም ደራሲው ዓመታት የደከመበት ሥራ አንዲት ሳንቲም ሳያስገኝለት ከእጅ እጅ ይተላለፋል። እነዚያን ፋይሎች አጥፍቻቸዋለሁ። ማንበቢያ የሚገዙ ሰዎች “የአማርኛ መጽሐፍ በነጻ አገኛለሁ” በሚል ሐሳብ እንዳይገዙ ከልቤ እለምናለሁ።

የወረቀቱ መጽሐፍ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ዋጋው በየዓመቱ እየጨመረ ነው፤ ባለፈው ጥቅምት አንድ መካከለኛ ልብ ወለድ በ480 ብር ገዝቼ፣ ማያያዣው ሙጫ ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ለቆ ገጾቹ እጄ ላይ ቀሩ። ቤታችን ከሐይቁ ብዙ ስለማይርቅ ክረምት በመጣ ቁጥር የታችኛው መደርደሪያ መጻሕፍት ጫፋቸው ይጨማደዳል፣ ሻጋታም ያወጣሉ። ይህም ሆኖ ያንኑ የ480 ብር መጽሐፍ በክር አሰፍቼው፣ እስካሁን በግቢያችን አራት ቤት ዞሮ ሰባት ሰው አንብቦታል፤ ሰባተኛዋ እናቴ ናት። በማንበቢያው ያለውን መጽሐፍ ለአንድ ሰው ለማዋስ መሣሪያውን ከነአርባዎቹ መጻሕፍት አሳልፌ መስጠት አለብኝ። አባቴ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሆነው በፔዳ ግቢ፣ ገና የፔዳጎጂ አካዳሚ በነበረበት ዘመን ሲማር የገዛው አንድ መጽሐፍም አለኝ፤ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ “ይህ ትክክል አይመስለኝም” ብሎ ጽፎበታል፤ ከአሥራ አምስት ገጽ በኋላ ደግሞ “አሁን ገባኝ” ይላል። ማንበቢያውም ማስታወሻ ይይዛል፤ መሣሪያው ሲበላሽ ግን የማን ልጅ ያገኘዋል?

ስለዚህ ለጠየቁኝ ሁሉ የምመልሰው እንዲህ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማር፣ ወይም በሥራው ምክንያት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የሚያነብ ሰው ዘመድ በሚመጣበት ጊዜ አስመጥቶ ቢገዛ ገንዘቡ ከንቱ አይቀርም፤ የጥናት ጽሑፍ የሚያበዛ ከሆነ ግን ባለ 6 ኢንቹን ትቶ ባለ 10 ኢንቹን ይፈልግ፣ አለዚያ ሠንጠረዡ አይነበብለትም። ከውጭ የሚገዛ መጽሐፍ በውጭ ምንዛሬ የሚሠራ ካርድ እንደሚጠይቅም አስቀድሞ ይወቅ። ንባቡ በአብዛኛው አማርኛ የሆነ ሰው ግን ለጊዜው አይግዛ፤ በዚያው ገንዘብ የወረቀት መጻሕፍት ይግዛበት። አሳታሚዎቻችን መጻሕፍቱን በዩኒኮድ አርመው፣ ፊደሉ በሚያድግና በሚያንስ ፋይል አዘጋጅተው፣ በብር በሚከፈል ዋጋ ያቀረቡ ዕለት ይህን ምክሬን በደስታ እለውጣለሁ፤ መሣሪያው ለዚያ ዝግጁ ነው። እኔም ሰኔ ሳይገባ የአባቴን መጽሐፍ ከታችኛው መደርደሪያ ወደ ላይኛው አወጣለሁ፣ መደርደሪያውንም ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቃለሁ።